ለጭቃዋ ልጅ ያወጣሁላት ስም

ሸክላ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሸሸው ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት ከልጄ ከትዕግስት ስልክ ውስጥ ወጥቶ ያዘኝ። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ፣ እኔም ልጄን ከፍኖተ ሰላም ቤታችን በር ወዲያ ላላሳልፍ ምዬ ቤት ውለን ነበር። ተኩስ የሰማሁ በመሰለኝ ቁጥር ስሟን እጠራለሁ፣ እሷም «አለሁ እማ፣ ጌም ላይ ነኝ» ትለኛለች። ጌም የምትለው፣ ጎራዴ የታጠቀች ሴት በማታውቀው አገር ስትዞር የምትውልበት ጨዋታ ነው፤ ዘንዶ አለበት፣ ጠንቋይ አለበት፣ የሚናገር ዛፍም አለበት። እኔ የወደድኩት ልጄን ከቤት ስለሚያቆይልኝ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ምስር ስለቅም «ነይ እማ፣ አንችም ተጫወች» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ገና ሲጀምር ስም ጠየቀ። እኔም ደንግጬ «የክርስትና ስሜን እንዳትሰጭው!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ እማ! ስልክ ድግምት ሊያሠራብሽ ነው?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። «እማ» ብላ ጻፈችልኝና ገባሁ። የእኔ ሴት ቀጥ ብላ መሄድ አቅቷት ግድግዳ ገጨች፣ ውኃ ውስጥ ወደቀች፣ ተነሥታ አንድ መንደር ደረሰች። አገሩ ያምራል፣ ሣሩ የመስከረም ሣር ይመስላል፣ ሰዎቹ ግን ቆመው ያዩሻል እንጂ ደህና ዋልሽ አይሉሽም። «ቤቶች!» ሳልል የሰው ቤት ዘልቄ ስገባ በእውነት አፈርኩ። ማዕዘኑ ላይ እንስራዎች ተደርድረዋል።

«ምችው እማ፣ ውስጡ ዕቃ አለ።»

«የሰው ገንዘብ እኮ ነው።»

«ሁሉም ይሰብረዋል፣ ጨዋታው እንደዛ ነው።»

መታሁት። ገሉ ሲበተን የወጣው ድምፅ የእትዬ ዘርፌ እንስራ ድምፅ ነበር።

እኔ ያደግኩት ከጅጋ ወደ ታች በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። እትዬ ዘርፌ ከእኛ ቤት በታች፣ ከምንጩ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእናቴ እድሜ ሆና እናቴን ሰዉ ሁሉ አንቱ ሲላት እሷን ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም አንች ይላት ነበር፤ በሠራችው እንስራ ውኃ እየጠጣን፣ ከእጇ ግን እህል አንቀበልም ነበር። ቡዳ ናት ይባል ነበር፤ ሸክላ ከመሥራቷ በቀር ሌላ ምክንያት ሲነገር አልሰማሁም።

ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እኛ ልጆች ከወላጆቻችን ተደብቀን እሷ ዘንድ እንወርድ ነበር። የተረፋትን ጭቃ እየቆነጠረች ትሰጠንና «እሹት፣ እሹት፣ ውስጡ ነፋስ ከቀረ እሳት ላይ ይፈነዳል» እያለች ታሠራን ነበር። ሰው እንሠራለን፣ ከዚያ ጭቃ ሰዎቻችንን ይዘን ጉዞ እንወጣለን፤ ሣሩ ጫካ ነው፣ ጎርፉ ባሕር ነው፣ ከባሕሩ ማዶ የውኃ ጋኔን አለ፣ እያንዳንዳችንም በጭቃ ሰዋችን አፍ እንናገር ነበር። አሁን ሳየው የልጄ ጌም ያኔም ነበረን።

የእኔዋ የጭቃ ልጅ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ወንዝ ሲሞላ በጀርባዋ አዝላ የምታሻግረኝን ጥሩ የምንላትን ታላቅ እህቴን እንድትሆንልኝ ነበር የሠራኋት። «ስሟ ማነው?» ሲሉኝ ተራ ስም አነሰብኝ፤ ጋኔኑ ፊት የምትቆም እውነተኛ ስም ያስፈልጋታል ብዬ፣ ከቤት የማይወጣውን የእህቴን የክርስትና ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት። ዛሬም እዚህ አልጽፈውም። እትዬ ዘርፌ እንስራ የምታለሰልስበትን ድንጋይ አስቀምጣ «ዝም በይ አንች ልጅ! ይኸ ደጅ የሚጠራ ስም አይደለም፤ ሌላ አውጭላት» ብላ ተቆጣችኝ። እኔም አፍሬ ጭቃዬን ይዤ ሄድኩ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ረግፎ ጥቅምት ሲገባ ጥሩ ታመመች። ቀትር ላይ በፀሐይ ጋቢ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች፣ ወዲያው ደግሞ እንደ እሳት ትነዳለች፣ ትቃዣለች። ጠበል ተወሰደች፣ ጭስ ታጠነች፣ አልተሻላትም። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ስሟ ወጥቷል! በስሟ ነው የያዟት!» አለች። አባቴም እኛን ልጆቹን አቁሞ «ስሟን ደጅ የጠራ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አልመታኝም፣ እጁንም አላነሣም፤ ያየኝ ብቻ መሰለኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ «እትዬ ዘርፌ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት» አለ።

እናቴ የውኃ እንስራችንን ከነውኃው አውጥታ ግቢው ላይ ፈጠፈጠችው። ጎረቤቶቻችንም ከየቤታቸው እንስራና ድስት እያወጡ ቁልቁል ወርደው የእትዬ ዘርፌ ደጃፍ ላይ ይሰብሩ ጀመር፤ እኛ ልጆችም ተከተልን። እሳት ላይ ሳትተኩሳቸው በፀሐይ ያሰጣቻቸው ትናንሽ ጀበናዎች ነበሩ፤ እኔ ጭቃ ሳሽ ከጎኔ ሆና የሠራቻቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ሲወረውር እኔ ባልወረውር የሚነቃብኝ መስሎኝ ድንጋይ አነሣሁና ወረወርኩ። አንዱን ጀበና አገኘሁት። እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን አየችኝ። አሁን ትናገርብኛለች ብዬ ከልጆቹ ኋላ ተሸሸግኩ።

«ልጅቱ ተሻላት?» አለች።

ከኋላዬ ሌላ ድስት ተሰበረ።

በሳምንቱ ጥሩን በቃሬዛ ጅጋ ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ዋጠች፣ ኅዳር ሳያልቅ ዳነች። ዛሬ አራት ልጆች አሏት። ወባ መሆኑ ሲታወቅ ግን ወደ ማዶ ወርዶ ለእትዬ ዘርፌ የነገራት ሰው አልነበረም። ጤፉ ሲታጨድ፣ ሰዉ ሁሉ እርሻ ላይ ውሎ ሳለ፣ ዕቃዋን በአህያ ጭና ወደ ቡሬ ሄደች አሉ። አባቴ «ይሻላል» አለ። እናቴም በዚያ በጋ በፕላስቲክ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ጀመረች።

ካገባሁ በኋላ አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ አየኋት። አርጅታለች። ለገዢ እንስራ በጣቷ እያንኳኳች፣ ያለመሰንጠቁን በድምፁ ታሰማ ነበር። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቡሬ በሄድኩ ቁጥር በሸክላ ተራ በኩል አላልፍም ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ልጄ እያገዘችኝ ብንጫወትም ጌሙ እንስራውን ከሰበርኩባት መንደር አላልፍ አለ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው አንድ ነገር አሉ፤ ትዕግስት እያነበበች «ልጅ ታሞባቸዋል፤ ከመንደሩ ውጭ ያለችው ባልቴት ናት ያሳመመችው ይላሉ። አባሯት ወይስ ተዋት ነው እማ፣ ምረጭ» አለችኝ። አልቻልኩም። ስልኩን መልሼ ሰጠኋትና የምስሩን ሰፌድ አነሣሁ። እሷም «ሽልማቱ ትልቅ ነው» ብላ አባሯት የሚለውን ነካች። ባልቴቷ አንድ ቃል ሳትናገር ዱላዋን ይዛ ሄደች። ልጄ ጎጆዋ ውስጥ ገብታ ባዶውን ትንሽ ዞረችው፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አይ፣ ደስ አላለኝም። ከመጀመሪያው ልጀምረው ነው።»

«የሦስት ቀን ልፋትሽስ?»

«ይሁን፣ ይጥፋ» አለችና ሁሉንም አጠፋችው። ያዘዛትም፣ የተቆጣትም አልነበረም። አዲስ ሲጀምር ያው ስም ጠየቀ። «አሁንስ ማን ልበልሽ?»

«ዘርፌ በይ።»

«ዘርፌ ደግሞ ማን ናት?»

ጎረቤት ናት ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ውሸቱ እንደ ድሮው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በልጄ ፊት ከመዋረድ የበለጠ የምፈራው ነገር ጥቂት ነው። ሆኖም ሰፌዱን አስቀምጬ ነገርኳት፤ ስሙንም፣ ጭቃውንም፣ ድንጋዩንም። ልጄ አልጮኸችብኝም። «እና እማ፣ ይቅርታ ጠየቅሻት?» ብቻ አለችኝ።

«መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ» አልኳት። እሷም አምናኝ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።

ዛሬ ይኸን ስጽፍ መንገዱ አልተከፈተም፣ እትዬ ዘርፌም በሕይወት ትኑር አትኑር የማውቀው የለኝም። በልጅነቴ አባቴን ፈርቼ ነው እል ነበር፤ አሁን ደግሞ መንገዱን እላለሁ። መንገዱ ግን ያን ሁሉ ዘመን ክፍት ነበር።