የቁጥቋጦው ካሴት

ሰፈራችን ፈርሶ ከዶሮ ማነቂያ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እማዬ ሳትፈታው የቆየችው አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። ባለፈው እሑድ ከፈተችውና ከውዳሴ ማርያሟ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ካሴት አውጥታ፣ «የወንድምሽ መዝሙር ነው፤ የሚያጫውት ቴፕ ፈልጊልኝ፣ ሳልሞት ልስማው» አለችኝ። ስፈታው የብል መድኃኒትና የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። በወንድሜ በኤልያስ እጅ «መዝሙር» ተብሎ ከተጻፈበት ወረቀት ሥር አጮልቆ የሚያየኝን ቁጥቋጦ የሚመስል ጥቁር ጽሕፈት ሳይ ግን ክው አልኩ፤ ምክንያቱም ያ ካሴት ምን እንደሆነ በሕይወት ካለነው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ሲወረድ ከነበሩት ሙዚቃ ቤቶች አንዱ፣ ፈላጊ ያጡ የውጭ ካሴቶችን ካርቶን ውስጥ ዘርግፎ እንደ ባዶ ካሴት ይሸጣቸው ነበር፤ ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር የደፈነ ሰው የፈለገውን ሊቀዳባቸው ይችላል። ታላቅ ወንድሜ ኤልያስም የገዛው የሠርግ ዘፈን ሊገለብጥበት ነበር፤ ጉድ የሠራው ከመደምሰሱ በፊት እስቲ ልስማው ማለቱ ነው። ጊታሩ ዳገት እንደከበደው የጭነት መኪና ያጓራል፣ ከበሮው በቆርቆሮ ጣራችን ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፣ ዘፋኙ ደግሞ ዘፈን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ከሆዱ ሥር ያገሳል እንጂ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፣ ኤልያስ ግን ቴፑ አጠገብ እንደተንበረከከ ቀረ። ይህ ነገር ዴዝ ሜታል እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የባንዱን ስም ግን ፊደሎቹ እንደ ደረቀ ቁጥቋጦ እርስ በርስ ስለተጠላለፉ እሱም እኔም አንብበነው አናውቅም፤ ለኛ «ቁጥቋጦው» ነበር።

ኤልያስ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ ለእግሩ ጣቶች የሚሰጥ ልጅ ነበር። ድምፁ ቀጭንና የሚሰበር ስለሆነ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሲያነብ ልጆቹ ይስቁበታል፣ እሱም በዚህ የተነሳ ቀን ሙሉ ዝም ማለት ተምሮ ነበር። ካሴቱ ከመጣ በኋላ ግን ያለቀ ባትሪ ድንጋይ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እያሞቀ፣ ክሩን በቢክ እስኪርብቶ እያጠነጠነ፣ አፉን በትራስ አፍኖ እንደዚያ ሰውዬ ማግሳት ይለማመድ ጀመር። ለኔም፣ «ይሄ ሰውዬ ምን እንደሚል የገባው የለም፤ ስለዚህ ማንም ፋራ ሊስቅበት አይችልም» ብሎኛል። በዚያ ክረምት ቀና ብሎ መሄድ ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬና እኔ ከጊዮርጊስ ተመልሰን በሩን ስንከፍት፣ ትራሱ የለም፣ ሙዚቃው የለም፣ ከጓዳ የሚወጣው ያ ማግሳት ብቻ ነው። እማዬ እንዲህ ያለ ድምፅ የምታውቀው ከጸበል ቦታ ነው። «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ ጮኸች፣ እጄን ይዛ ወደ ጎረቤት ሮጠች፤ ኤልያስ ከኋላችን የሆነ ነገር ተናግሮ ነበር፣ በጩኸቷ ግን ሁለታችንም አልሰማነውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጸበል ወሰደችው። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ካህኑ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማነህ? ተናገር!» ሲሉት፣ ወንድሜ በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «እኔ ነኝ አባ፤ ኤልያስ ነኝ» አላቸው። እንደዚህ ትሑት የሆነ መንፈስ ገጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ይሄማ ተደባቂ ነው አሉና ውኃውን ጨመሩበት። ያኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነበር።

ኤልያስ የእማዬን እንባ አይቶ ተሽሎኛል አለ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አላገሳም። ካሴቱን ግን መጣል አልሆነለትም፤ መዝሙር ገልብጬበታለሁ ብሎ ያን ወረቀት ለጠፈበት፣ እማዬም ደስ ብሏት ከጸሎት መጻሕፍቷ ጋር አኖረችው፣ ቴፓችንም በዚያው ክረምት ስለተበላሸ ማንም ሳይሰማው ቀረ። እሱ አድጎ መሥሪያ ቤት ገባ፤ እንደገና አንገቱን ደፍቶ፣ እየተናገረ ይሁን ዝም ብሎ በማይለይበት ድምፅ ኖረ። ስልክ ሁሉ ድምፅ የሚቀዳበት ዘመን ሳይደርስ በአጭር ሕመም አረፈ። እማዬ አልፎ አልፎ፣ «መልኩስ ፎቶው ላይ አለ፤ ድምፁ ግን እየጠፋብኝ ነው» ትላለች።

ቴፕ የተዋስኩት ፒያሳ ከቀረ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ወደሱ ስሄድ ቤታችን በነበረበት በኩል አለፍኩ፣ የትኛው ጋ ጓዳችን እንደነበረ መለየት አቃተኝ። ሙዚቃ ቤቱም የለም። መንገዱን ሙሉ ክሩ በስብሷል ልበላት እያልኩ መጣሁ፣ ፊቷን ሳይ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። «መዝሙር አይደለም እማዬ፤ ያ የሚያስፈራሽ ነገር ነው» አልኳት። «እሱ የነካው አይደል? ክፈቺው» አለች።

ካሴቱ መጨረሻው ላይ ቆሞ ስለነበር ኤልያስ እንዳስተማረኝ በቢክ ጥቂት ወደ ኋላ አጠነጠንኩትና ቴፑ ውስጥ ከትቼ ማጫወቻውን ተጫንኩ። ጊታርም ከበሮም አልመጣም። የመጣው ባዶ በነበረው የክሩ ጫፍ ላይ ራሱን የቀዳው ወንድሜ ነው፤ ያገሳል፣ ትንፋሽ ይስባል፣ ደግሞ ያገሳል። እማዬ አማተበች፤ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ግን ያዘችኝ። በር ሲከፈት ተሰማ፣ የወጣትነቷ ጩኸት ክፍሉን ሞላው፣ ከሩጫችን ኮቴ በኋላም ያ ቀጭን፣ የሚሰበር ድምፅ እየሳቀ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!» አለ፤ ከዚያ ክሩ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።



«ነግሮኝ ነበር ለካ» አለች እማዬ፤ ቢኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታም በእጄ አስያዘችኝ።