በጀሪካን የመረጥን ዕለት

እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍሁም። ከድንበር ማዶ፣ ባሱንዳ አጠገብ ባለው የስደተኛ ሰፈራችን ግን የውሃ ወረፋ የማስከብረው እኔ ነኝ። እዚህ ማንም ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራ አይጠብቅም፤ ጀሪካኑን አሰልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጀሪካኑ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው፤ ገፍቶት የሚያልፍ የለም።

ከገዳሪፍ ከተማ፣ ከእርዳታ ድርጅት የመጣችው ልጅም የፈለገችኝ በዚሁ ነው። ወላጆች የትምህርት ቤቱን ኮሚቴ ራሳቸው እንዲመርጡ የሚያስተባብር ሰው ትመለምላለች። መጀመሪያ አስራ ሁለተኛ የጨረሰ ብላ ሁለት ጎረምሶች መርጣ ነበር፤ ሥልጠናውን ወስደው ወደ ሊቢያ ሄዱ። እኛ መሃይሞቹ ትዝ ያልናት ከዚያ በኋላ ነው።

ፈራሁ። በስደተኛ ከርት፣ በአንዲት መታወቂያ ወረቀት የሚኖር ሰው ይፈራል። ግን ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ በሒሳብ ሰዓት መማሪያቸው ከሆነው የራኩባ ዳስ ጥላ እያስወጡ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት ውሃ ያስቀዷታል። ሴቶቹን ብቻ። ወንዶቹ ተቀምጠው ይማራሉ። ሰብሳቢው ባለሱቅ ነው፤ ማን እንደመረጠው የሚያውቅ የለም። ይህ ሲያንገበግበኝ ከርሞ ነበርና እሺ አልኋት።

ወረፋው ላይ ሴቶቹን አንድ በአንድ አነጋገርሁ። ሁሉም ይስማማሉ፤ ስማችሁ ይጻፍ ስል ግን ወደ ጀሪካናቸው ዞር ይላሉ። የተጻፈ ስም ማን እጅ እንደሚገባ ምን እናውቃለን፤ ስንት ነገር አይተን የመጣን ነን። አንዷ፣ "በኔ ፈንታ ጀሪካኔ ይምረጥ" ብላ ቀለደች። ሳቅን። ስንውል ስናድር ቀልዱ ምክር ሆነ።

መራጭ ከሚፈልገው ሰው ወንበር ኋላ እንዲሰለፍ ነበር የተባለው። በዕለቱ ሴቶቹ በማለዳ መጥተው፣ እኛ ካጨናት አዋላጅ ወንበር ኋላ ጀሪካናቸውን ደርድረው ወደ ሰሊጥ አረም ሄዱ። ረድፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዛፉ ደረሰ። የድርጅቷ ልጅ አየችና ያለ ፊርማ አይቆጠርም አለችኝ።

"እትዬ፣ ሪፖርቱ ላይ ጀሪካን መረጠ ብዬ ልጻፍ?"

"ጻፊ" አልኋት። እሷ ግን ሳትቆጥር ተመለሰች።

ሰብሳቢው ረድፉን ተከትሎ እየሄደ በየጀሪካኑ እጀታ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየ። ተራ እንዳይምታታ ሁላችንም ምልክት እናስራለን፤ ቀዩ የማን፣ አረንጓዴው የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል። ስማችንን ደብቀን ራሳችንን አሰልፈን ሄድን። የወረፋ አስከባሪዋ እኔ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያበግነኛል።

በማግስቱ ልጄ ደብተሯን ታቅፋ ተመለሰች። እናትሽ ጀሪካኗን ካላነሳች አትገቢም ብሏታል ሰብሳቢው። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። አብዛኞቹ ሴቶች ጀሪካናቸውን አንስተዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ልጅ አላቸው። እሱ በሩን ይዞ ቆሟል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለልጅሽ ስትይ ይዘሽው ሂጂ።"

"ለልጄ ብዬ ነው ያስቀመጥሁት" አልሁት።

ልጄ ዛሬም ቤት ናት። እኔ በውሰት ዕቃ ነው የምቀዳ። ያች ልጅ ከገዳሪፍ ደውላ ስንት ሰው እንዳስተባበርሁ ጠየቀችኝ፤ ለሪፖርት ነው። መጥተሽ በሩ ላይ የቆሙትን ጀሪካኖች ቁጠሪ አልኋት። ከተነሱት ውስጥ ከትናንት ወዲህ ሁለት ወደ ረድፉ ተመልሰዋል።