የስፌት መኪና የሌላቸው ደንበኛ

የስፌት መኪና የሚሸጠው ድርጅት በየወሩ ደንበኞቹን አዳራሽ ውስጥ ይሰበስባል። ላይ ታች ብላ ወንበሩን የምታስደረድረው፣ ስጦታውን የምታዘጋጀው አስተባባሪዋ ናት። ሰው የሚከበው ግን ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸውን አንዲት ሴትዮ ነው።

ሴትዮዋ መልኩ የለቀቀ ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ክር የገባባቸው ሦስት መርፌዎች ሰክተው፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን እጅጌ አልገባ ብሎ እንዳስቸገረ አንድም አይስቱም። ከዘገዩ ሁሉም «ዛሬ ቀሩ እንዴ?» ይባባላል። ይሄኔ አስተባባሪዋን ቅናት ያንገበግባታል።

ዛሬ አላስችል አላትና ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ የእርስዎ መኪና የትኛው ነው?» አለቻቸው።

«ሸጥኩት እኮ ልጄ፣ ባለቤቴ የታመመ ጊዜ። ሰዎቹን ግን መተው አቃተኝ» አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ የታጠፈ ኮሌታዋን አቃንተውላት፣ «አንቺስ ባለፈው ወር የቀረሽው ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

ታማ ተኝታ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስታሰባስብ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምን ሆነሽ ያሏት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ይብሱን ቀናችባቸው።