የቅበላ ጽዳት

እናቴ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ጓዳዋ ላይ ትዘምት ነበር። ሥጋና ቅቤ የነካው ድስት፣ ማሰሮና ማማሰያ ሁሉ ተለቅሞ ይወጣል፤ በአመድ ይፈተጋል፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔም ይህንኑ ወረስሁ። የተጠራቀመ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያለች በቀን ሦስት ጊዜ የምትተርትብኝ እሷው ነበረች፤ ጽዳት ላይ ግን ራሷም ትዕግሥት አልነበራትም።

በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጽሕፈትና የሰርግ ቪዲዮ የምሠራባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ኮምፒውተሬ አንዲት ብቻ ናት። ከጥር ጀምሮ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ ዲስኳ ይሞላል፤ ቦታ አልቋል የሚለው ቀይ ምልክት በወጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጾም ከገባ ደግሞ ሰርግ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ በቅበላ፣ ሰው የጾም መያዣውን ሲበላና ሲጠጣ፣ እኔ ኮምፒውተሬን እንደ እናቴ ማሰሮ አጥባት ነበር።

በዚያ ዓመትም የአምና ሰርጎችን አጠፋሁ። ባለቤቶቹ ሲዲያቸውን ወስደዋል፤ ለእኔ ምን ያደርጉልኛል? ቦታው ግን እንዳሰብሁት አልሰፋም። ማን እንደበላው ስፈልግ ስፈልግ አገኘሁት። ለካስ ኮምፒውተሯ አንድ ነገር ቢበላሽባት ወደ ቀድሞዋ የምትመለስበትን መጠባበቂያ ቅጂ በየጊዜው በስውር ታስቀምጥ ኖሯል። የዲስኩን ሩብ ያህል ይዞታል። ቡሬ ኮምፒውተር የሚጠግን ባልንጀራ ነበረኝ፤ ደውዬ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ግን እስኪያነሣ ማን ይጠብቃል? አጥፊ አልኋት። የመጨረሻውን ቅጂ አስቀርታ የቀረውን አጠፋች። እልህ ያዘኝ። ድስቱ ታጥቦ ክዳኑ ይቀራል እንዴ? ቅንብሯ ውስጥ ገብቼ መጠባበቂያ የምታስቀምጥበትን ዘዴ ራሱን ዘጋሁና የመጨረሻውንም ጠራረግሁት። የተከፈተውን ባዶ ቦታ እያየሁ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ገበሬ ሱቄ ገቡ። ከቡሬ አካባቢ ገጠር ለገበያ የመጡ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሐዘንተኛ ናቸው። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ። ከመሀሉ ተሰንጥቋል።

«ባለቤቴ ሞታብኝ ነው ልጄ» አሉኝ። «ፎቶ እሚባል ተነሥታ አታውቅም። አምና የእኅቷን ልጅ ሰርግ ግን አንች ነሽ ያነሣሽው፤ እዚህ ውስጥ አለች፤ ካሜራሽ ፊት የገባችብሽ ናት። ሲዲው ከቤት ቤት ሲዞር ይኸው እንዲህ ሆነ። ከማሽኑ አትጠፋም ቢሉኝ ነው የመጣሁ። ለአርባዋ መልኳን አውጭልኝ።»

ሴትዮዋን አስታወስኋት። ድንገት ካሜራዬ ፊት ገብታ፣ ስታየኝ ደንግጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሳቀችው ናት። ያን ጊዜ ቀረጻዬን አበላሸችብኝ ብዬ ተነጫንጬ ነበር።

ጠፍታለች ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «ፈልጌ አወጣልዎታለሁ፣ አባቴ» አለ።

እንደወጡ ቡሬ ደወልሁ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ ባልንጀራዬ። «ኮምፒውተሯ በምታስቀምጠው መጠባበቂያ ውስጥ የጠፋው ፋይል የድሮ ቅጂም ይኖራል። ከዚያ ማውጣት ነው።»

«እሱን አጥፍቼዋለሁ።»

«ሁሉንም? የመጨረሻውን እንኳ እሷ ራሷ አታጠፋውም እኮ!»

«እኔ አጠፋሁት።»

በማግሥቱ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ታገለ። እኔ ግን ባዶ ቦታ ባገኘሁ ደስታ የጥርን ሰርጎች ሁሉ ከካሜራው ካሴት ገልብጬ ሞልቼበት ነበር፤ የአምናው ካሴትም ሌላ ሰርግ ከተቀረጸበት ቆይቷል። የተገኘው ምስል የሌለው የፋይል ስም ብቻ ሆነ። እናቴ የምትተርተው ሰው ቢያንስ ያፈሰሰውን ለቅሟል፤ እኔ የምለቅመውም አጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና እወለውላለሁ። እሳቸው በሩ ላይ ይቆሙና «ተገኘች?» ይላሉ። ከገበያ መሀል የጠፋች ሰው የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። እኔም «እየፈለግሁ ነው» እላለሁ። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ዋሸኋቸው፤ ያውም በጾም።

አርባዋ በቀረበበት ቅዳሜ ግን ገና ከሩቅ ሳያቸው ወጥቼ ተቀበልኋቸው፤ ወንበር ሰጥቼ ሁሉንም ተናገርሁ። የሰርጉን ቪዲዮ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሊያወጣት ይችል የነበረውንም መጠባበቂያ ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ በቅበላ ሳጸዳ ነው አልኋቸው። እንባዬ ከቃሌ ይቀድም ነበር። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዱላቸውን መሬቱ ላይ አዞሩ።

«በቅበላ» አሉ በመጨረሻ። «እሷ አንጥራ ያስቀመጠችው ቅቤ በማሰሮ ነበረኝ። ክዳኑን ስከፍተው ድሮ ጓዳ ስገባ እሚሸተኝ ሽታ ነበረው። የተረፈችው ቅቤ በቅበላ ተበላችና፣ ጾም ነው ማሰሮው ይታጠብ አሉ ሴቶቹ። ለእነሱ መስጠቱ አላስቻለኝም። ወንዝ ወርጄ እኔው አጠብሁት፤ በአመድ አድርጌ ፈተግሁት። ደኅና አድርጌ ነው ያጠብሁት ልጄ። አሁን ክዳኑን ስከፍተው አመድ አመድ ይላል።»

የተሰነጠቀውን ሲዲ በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱና ወጡ። ያን ቀን ጠረጴዛዬን ሳልወለውል ዋልሁ።