ይገባል የተባለው ሸራ

ሰሞኑን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ የሚኒባሱ የፍሬን ሸራ ሸተተ። ተሳፋሪው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ንዴቴ ተነሳ። ያ ሽታ ዛሬም ያበግነኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቢቸና ወጣት መምህር ሳለሁ ሞጣ የምትኖር ልጅ ወደድኩ። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ቁጡ። የላክኋቸውን ሽማግሌዎች «እሑድ በጧት ኑ፤ ዘመድ ሰብስቤ ቃሌን እሰጣለሁ» አሏቸው።

መኪና የነበራቸው አጎቴ ናቸው፤ አንዲት አጭር፣ አሮጌ ላንድሮቨር። የፍሬን ሸራዋ አልቆ ብረት ለብረት ይፋጫል፤ አዲስ ደግሞ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? አጎቴ ከተጣለ ረጅም ላንድሮቨር ላይ ሸራ ፈትተው አመጡ። ሸራው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ታምቡሩ ውስጥ አልገባ አለ።

«ጋሼ፣ ይኸ የዚች አይደለም እኮ» አልኋቸው።

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ይገባል!»

ሸራውን በሞረድ ፋቁት፤ ታምቡሩን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ከደኑበት። እውነትም ገባ። «ይኸው ገባ! አንተም ታገባለህ» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሆዴ እያረረ ሳቅሁ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጉንደ ወይን ሳንደርስ የፊት ጎማው ማጨስ ጀመረ፤ ወዲያው ቀጥ አለ። ሸራው በሙቀት አብጦ ታምቡሩን ነክሶ ይዞታል። ውኃ ብናፈስበት ቿ ብሎ ጭስ ብቻ ተፋ። እስኪበርድ ጠብቀን፣ ታምቡሩን በመከራ አውልቀን፣ ሸራውን አውጥተን ጣልን። በእጅ ፍሬን እያዘገምን ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

የተሰበሰበው ዘመድ ተበትኗል። አባትየው ብቻቸውን በር ላይ ቆመዋል።

«የጧት ቀጠሮ ለምሽት? ንቃችሁኝ ነው!»

አጎቴ «ጌታዬ፣ ፍሬን አጥተን...» ሲሉ፣

«ሰው የሚመጣው በፍሬን ነው?» ብለው በሩን ዘጉት።

ከውስጥ እሷ «አባዬ...» ስትል ሰማሁ። ደግሜ ሽማግሌ ብልክ አባቷ አልሰሙም፤ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ዳሯት።

አጎቴ ሸራው የዚያች መኪና እንዳልነበረ እስከ መጨረሻው አላመኑም። ታመው አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ እጄን ጨብጠው «ገብቶ ነበር እኮ!» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ንዴት ሳልናገር እጃቸውን መልሼ ጨበጥሁ።

«አዎ ጋሼ፣ ገብቶ ነበር» አልኋቸው።

እኔ ግን አላገባሁም።