አልመጣም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። እናንተ ስለማታውቁኝ ትንሽ ይቀለኛል።

ዘይነባን በድያለሁ። ያውም በአንዲት ቃል።

ዘይነባ መርሳ የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ ናት። እኔ ወልድያ በኪራይ ቤት ብቻዬን ስለምኖር፣ ከሰው ጋር ያለኝ ወሬ በሙሉ ከእሷ ጋር በስልክ የምጻጻፈው ነበር። ሎጊያ የሚሠራ ሰኢድ የሚባል ልጅ ትወድ ነበር። ቤተሰቧ ደግሞ እዚያው መርሳ ላለ ነጋዴ ሊድሯት አስበዋል። አባቷ፣ "ያ የምትይው ልጅ ሐሙስ መጥቶ ልየው፤ ካልመጣ ለሰዎቹ እሺ እላለሁ" አሏት። ወንድሟ የሰኢድን ቁጥር ስለዘጋባት የሚያገናኛቸው የእኔ ስልክ ብቻ ነበር። ልጁ ቤታቸውን አያውቀውምና ወልድያ መናኸሪያ ተቀብዬ መርሳ እንዳደርስላት ለመነችኝ። እሺ አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ጉንፋን ጥሎኝ ተኝቻለሁ። እንዳመመኝ ጽፌላት ነበር። የመለሰችልኝ ግን፣ "ሰኢድ መጣ? ቶሎ ይዘሽው ነይ" የሚል ነው። እንዴት አደርሽ የለ፣ ተሻለሽ ወይ የለ። ድምጿን ብሰማው ኖሮ ጭንቀቷን እሰማ ነበር። እኔ በራሴ ኩርፊያ አነበብኩት፤ ትእዛዝ መሰለኝ። "አልመጣም" ብዬ ላክሁ። እኔ አልመጣም ማለቴ ነበር።

"እየጻፈች ነው" አለ ስልኬ። ጠፋ። እንደገና መጣ። ከዚያ፣ "አልሐምዱሊላህ፤ ቁርጤን አወቅኩ" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። "ጣ" ጠብቃ ስትነበብ ያልመጣው ሰኢድ ነው፤ ላልታ ስትነበብ የማልመጣው እኔ ነኝ። በአፌ ብናገረው ይለይ ነበር፤ ፊደሉ አይለየውም። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው በሉት። "የማልመጣው እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩና አጠፋሁት። ለምን አጠፋሁት? የምትወደውን አግብታ ሎጊያ ከሄደች ትረሳኛለች፣ ማን ይጽፍልኛል ብዬ ነዋ! ሰኢድ ከመናኸሪያው ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። ስልኩን ትራስ ሥር ከትቼ ንዝረቱ እስኪያቆም ጠበቅሁ።

ሰኢድ ትታኛለች ብሎ ተመለሰ። እሷ ነጋዴውን አገባች። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ! ምን ያደርግልኛል? የመረጠችው እሱን አልነበረም።

እንዳሰብኩት ቀረችልኝ፤ እስከ ዛሬ ትጽፍልኛለች። መልእክቷ በመጣ ቁጥር አወቀች ብዬ እደነግጣለሁ። መርሳ መሄድ ትቻለሁ፤ ዓይኗን ማየት አልችልም። እንዳትርቀኝ ብዬ ያስቀረኋትን ሰው ራሴ ሸሽቼ ብቻዬን ቀረሁ።

ሰሞኑን ለሰላምታዬ ሳትመልስ ቆየችና፣ "አፉ በይኝ እህቴ፣ ልጄን አሞት ነው የዘገየሁት" ብላ ጻፈች። እሷ እኔን ይቅርታ ትጠይቀኝ! "ምንም አይደል" ብዬ መለስኩላት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ መበደሏን እንኳ አታውቅም።