በግራ እጁ የሚመታው ሰው

ማኅተም ቀረጻ የጀመርኩ ቀን አስተማሪዬ ጋሽ አራጋው ምላጭ አልሰጡኝም። መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ትንሽ መስታወት አስያዙኝ። ማኅተም ላስቲኩ ላይ የሚሣለው ተገልብጦ ስለሆነ፣ በመስታወት አይተኸው ካልተቃና እንዳትቆርጠው አሉኝ። ሳምንት ሙሉ መስታወት ይዤ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመርሳ እስከ ወልዲያ ስንቱ ቢሮ በእኔ ማኅተም ደብዳቤ አወጣ! ከሁሉ የምኮራው ግን ወልዲያ ላለ አንድ የኪነት ቡድን በሠራሁት ሎጎ ነበር። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ነው። ማኅተሙን ቀረጽኩ፣ ታፔላውን ሣልኩ፣ ቲሸርቱንም እኔው አተምኩ።

ባለፈው ዓመት ሎጎው ሊቀየር ነው ተባለ። አዲሱን የሠራችው ገነት የምትባል ወጣት መምህርት ናት። የቡድኑ ኃላፊዎች ጠሩኝና፣ ለእኛ ይሆናል አይሆንም የሚለውን እርስዎ ይፍረዱ፣ አይሆንም ካሉ የድሮው ይቀጥላል አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከቤቴ የወጣሁት "አይሆንም" ብዬ ጨርሼ ነው።

ገነትም የሣለችው ማሲንቆ መቺ ነው፤ መስመሩ ግን ቀጭን ነበር። ላስቲክ ላይ ቀርጬ ወረቀት ላይ መታሁት። ቀለሙ መስመሩን ዋጠውና ሰውየው ከነማሲንቆው ጥቁር ነጠብጣብ ሆነ። ማኅተም ላይ የማይወጣ ሎጎ አይባልም አልኳት። ገነት አልተከራከረችኝም፤ እዚያው ላፕቶፗን ከፍታ አወፈረችው። ዳግመኛ ስቀርጸው ጥርት ብሎ ወጣ። እኔ ግን ሌላ ጥፋት ፍለጋ ገባሁ።

"የእኔ ሰው ደጋኑን የያዘው በግራ እጁ ነው። ማን ቀይሪው አለሽ?"

የመለሱልኝ የቡድኑ አንጋፋ ማሲንቆ መቺ አያ ይመር ናቸው።

"አንተ ሰይድ፣ እኔ በግራ እጄ ስመታ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ወይ ጉድ! ለማኅተሙ ገልብጬ የሣልኩትን ሳላቃና እንዳለ ታፔላው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፊደል ቢሆን ዓይኔ ይይዘው ነበር፤ ሥዕል ሆነና አመለጠኝ። ይኸው ስንት ዓመት ሰውየው ማኅተሙ ላይ በቀኝ፣ ታፔላውና ቲሸርቱ ላይ በግራ ሲመታ ኖሯል። ቡድኑ በሙሉ ያውቅ ነበር።

"ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኳቸው።

"ታፔላውን የሰቀልክ ቀን ደስታህን አይቼ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እንደምንም አያ ይመርን ማሲንቆውን እንዲያነሱ ለመንኳቸውና ከገነት ሥዕል ጋር አስተያየኋቸው። ጆሯቸውን ወደ ማሲንቆው ዘንበል የሚያደርጉትን እንኳ ይዛዋለች። የእኔ ሥዕል ማንንም አይመስልም ነበር።

"ይሆናል" አልኩ።

አዲሱን ማኅተም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ዛሬም እኮራበታለሁ። አያ ይመር የመጀመሪያውን ደብዳቤ አይተው ቀኝ እጃቸውን አነሡልኝ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ድሮ ሥራ ሳስረክብ "አማረ ወይ?" እል ነበር። አሁን "የቱ ጋ ተሳሳትኩ?" እላለሁ፤ መልሱንም ሳልሰማ ከበሩ አልወጣም።